ከግንቡ ማዶ የሚወረወር ፌስታል

ጓሮ እላለሁ እንጂ ጓሮ አልነበረም። በስመ አብ! መጀመሪያ የቆርቆሮውን በር ከፍቼ ያየሁት ቀን እጄን አፌ ላይ ጭኜ ወደ ኋላ ተመለስኩ፤ ምሳዬም አብሮኝ ተመለሰ። የበሰበሰ ገረባ ተከምሯል። በላዩ የሐብሐብ ልጣጭ፣ በእሱ ላይ የማንጎ ፍሬ፣ በዚያ ላይ ደግሞ ተቋጥሮ የተነፋ ፌስታል፤ ውስጡ ምን እንዳለ እግዜር ይወቅ። ገረባ ማለት ጫት ተቅሞ የሚተርፈው እንጨትና ሻካራ ቅጠል ነው። ሐረር ውስጥ ከሰዓት በኋላ ከየቤቱ የሚወጣ እሱ ነው። ትኩሱ ምንም አይልም። ዝናብ መትቶት፣ ፀሐይ አፍልቶት፣ እንደገና ዝናብ ሲደግመው የሚያወጣው ሽታ ግን እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

በሩን መልሼ ዘጋሁት፤ ዘግቼም ከረምኩ። እኔና ባለቤቴ ይህን ቤት ጀጎል ውስጥ የተከራየነው ሁለታችንም ጡረታ ከወጣን በኋላ ነው። እኔ አስተማሪ ነበርኩ። በወጣትነቴ ከጎጃም ተመድቤ መጣሁ፣ "ትንሽ ሠርቼ እቀየራለሁ" አልኩ፣ ይኸው እዚሁ ሸበትኩ። እሱ ወታደር ነበር፤ ምልምል አሠልጣኝ። የደንብ ልብሱን ካወለቀ ስንት ዘመኑ፣ ሰፈርተኛው ግን እስከ ዛሬ "ሃምሳ አለቃ" ነው የሚለው። ስንኖር የኖርነው ከጀጎል ውጭ በአዲሱ ከተማ ነው። አከራያችን ቤቱን ለልጃቸው ሲፈልጉት ለቀን ወደ ውስጥ ገባን። የገባንበት ቤት የድንጋይ ነው፣ ግድግዳው ወፍራም፣ ውስጡ ቀዝቃዛ። ከእኛ በፊት ከሶፊ የመጣ አንድ ገበሬ ተከራይቶት ነበር አሉኝ። ያን ጓሮ እንዲያ አድርጎት የሄደው እሱ ነው ብዬ፣ ዓይኑን አይቼው የማላውቀውን ሰውዬ ስረግመው ሰነበትኩ።

እርግማኔን ብዙም ሳልቆይ አዞርኩት። በየቀኑ፣ ልክ የአሥር ሰዓቱ ሶላት ከተሰገደ በኋላ፣ ከጓሮው "ዱብ!" የሚል ነገር እሰማለሁ። በቆርቆሮው ቀዳዳ ባይ አንድ ፌስታል በግንቡ ላይ ተወርውሮ ክምሩ ላይ አርፏል። ለካ ከግንቡ ማዶ ያሉት ጎረቤቶቼ ናቸው! ቅመው፣ በልተው፣ ተጫውተው ሲጨርሱ ቆሻሻቸውን ቋጥረው ለእኔ ይልኩልኛል። ያን ጊዜ አንጀቴ ነው የነደደው።

እጮህ ነበር። ከበሩ ውስጥ ሆኜ፣ አፍንጫዬን በነጠላዬ ይዤ፣ ክፍል ውስጥ ሰባ ተማሪ በማዝዝበት ድምፄ እጮህ ነበር። "ኧረ ምን ዓይነት ፍጥረት ናችሁ! አሁንስ አይበቃችሁም! አታፍሩም!" መልስ የለም። አንዳንዴ እንደውም የሴቶች ሳቅ ይሰማኛል። በማግሥቱ ደግሞ፣ በዚያው ሰዓት፣ ዱብ!

"ሄደሽ አትነግሪያቸውም ነበር ወይ?" የሚለኝ ሰው ጀጎልን አያውቅም። ግንብ ለግንብ ተጣብቀን የእነሱ በር በየት በኩል እንደሚከፈት አላውቅም። የኛ በር ወደ አንዱ ቀጭን መንገድ ይወጣል፣ የእነሱ ወደ ሌላ፤ እዚያ ለመድረስ ሰፈሩን ዞሮ፣ ወርዶ፣ እንደገና ወጥቶ፣ ጠይቆ ነው። ደግሞም ልቤ ሻክሮ ነበር። መጤ ናት ብለው ንቀውኝ ነው አልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ልጆቻቸውን ሀ ሁ አስቆጥሬ፣ በስተርጅና የቆሻሻ ገንዳ ያደረጉኝ መሰለኝ። የናቀኝን ሰው በር አላንኳኳም ብዬ ቁጭ አልኩ።

እንዲህ እንዳለሁ ባሌን ስትሮክ መታው።

ጠዋት ጫማውን ሲያጠልቅ ነው። "እግሬ የት ሄደ?" አለኝ፣ ከዚያ ወዲያ አፉ ተጣመመና ንግግሩ ጠፋ። ሆስፒታል ሰነበተ፣ ተሻለው ተብሎ ወደ ቤት መጣ፣ አልጋው ላይ ወጥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አንዳንድ ቃል ተመልሶለታል። "ውሃ" ይላል፣ "እምቢ" ይላል፣ "ተይኝ" ይላል። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ግን ከሌላ ሰው የተዋሳቸው ናቸው። የምታክመው ሐኪም ወጣት ናት፣ አፏ ግን አይለሳለስም። "እግሩ አልሞተም፤ የተኛው እሱ ነው" አለችኝ። "ፀሐይ ላይ ይውጣ፣ በየቀኑ ይራመድ። እንዲህ እንደተኛ ከቆየ መገጣጠሚያው ይደርቃል፣ ጀርባው ይቆስላል፣ ከዚያ በኋላ ወደ እኔ ብታመጭው ምንም ላደርግልሽ አልችልም።"

የት ነው የሚራመደው? የበራችን መንገድ ድንጋዩ የተንሸዋረረ ቁልቁለት ነው፤ ጤነኛውም የሚወርደው ግድግዳ እየያዘ ነው። ቢቻልስ እሱ እሺ ይላል? አንድ ጊዜ ልብስ አልብሼ፣ ከዘራውን አስይዤ እስከ በሩ ብወስደው ሁለት ሴቶች ሲያልፉ አየና ወደ ኋላ ጎተተኝ። "ሰው... አያየኝ" አለ። ስንቱን ምልምል "ቀና በል!" እያለ ያሰለፈ ሰው እግሩን እየጎተተ መታየቱን ሞት አድርጎ ነው የቆጠረው። እንግዲህ ሰው የማያየው፣ ፀሐይ የሚገባበት፣ ሜዳ የሆነ ቦታ ያለኝ አንድ ብቻ ነው። እሱም ያ የቆሻሻ ክምር።

አሁን የምለውን ብዙ ሚስቶች ያውቁታል፤ አያወሩትም እንጂ። ባሌን ተጸየፍኩት። ሾርባው በተጣመመው ጎን ወርዶ አንገቱ ላይ ሲደርቅ፣ አክታውን ፎጣው ላይ ሲተፋ፣ ከሥሩ አንሶላ ስቀይር፣ ፊቴን አዙሬ ትንፋሼን ይዤ ነበር። በሐኪሟ ትእዛዝ በሩን ዘግቼ ጀርባውን በቅባት ሳሸው ከጓሮ በኩል የገረባው ሽታ በቆርቆሮው ሥር ይገባል፤ የክፍሉን ሽታ ያገኘዋል፤ ሁለቱ ሽታዎች ይዋሐዳሉ። የምወደው ሰው ነው። ቢሆንም ያቅለሸልሸኝ ነበር። እሱም ያውቀዋል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረበት አንዱ ምክንያት እኔው ሳልሆን አልቀርም።

ስለዚህ ጓሮውን ላጸዳ ተነሳሁ። አንድ ቀን ሠራተኛ ቀጠርኩ፤ ገባ፣ አየ፣ "እትዬ፣ ይሄ እንኳን ለሰው ለጅብም አይሆን" ብሎኝ ወጣ። ወንድ ተብሎ! እኔው ራሴ ባሌ ድሮ ይለብሰው የነበረውን ቱታ ለበስኩ፣ ፊቴን በሻሽ ጠቀለልኩ፣ እጄ ላይ ፌስታል አሰርኩና ገባሁበት።

የላዩ ቀላል ነበር። ከሥሩ ያለው ግን በአካፋ አይነሳም፤ እንደ ጭቃ ተለጥጦ ይመጣል፣ ሲቆረጥም በውስጡ ነጭ ትል ይንቀጠቀጣል። ፌስታል ስፈታ የተረፈ ሩዝ ፀጉር አብቅሏል። አይጥ በእግሬ መሃል ሮጠች፤ ጮኼ አካፋውን እግሬ ላይ ጣልኩት። ወደ ታች ስቆፍር ደግሞ ጥቁር፣ ደረቅ፣ ድቡልቡል በጠጥ አገኘሁ፤ የፍየል። ያን ጊዜ ቁጭ ብዬ ሳቅኩ፤ የንዴት ሳቅ። "የፍየል በጠጥ ሳይቀር ከገበያ አምጥተው ይጥሉብኛል!" አልኩ። ሰው ክፉ ሲያስብ እንዲህ ነው፤ ያየውን ሁሉ ለክፋቱ ማስረጃ ያደርገዋል።

በጆንያ እያደረግኩ በጋሪ አስወጣሁት። ባለጋሪው አፍንጫውን ይዞ፣ እኔም ከኋላው አንገቴን ደፍቼ፣ ሰው እያየን። አንዲት ሴት "ምን ሞቶባችሁ ነው?" አለችን።

ጊዜው ረመዳን ነበር፤ እድሌ ሆነና በዚያ ወር አንድም ፌስታል አልወደቀም። እኔም ሞኝ "ጩኸቴ ገባቸው፣ ይኸው አፈሩ" ብዬ ተደሰትኩ። ሐረር ሸብቼ፣ በጾም ቀን ማንም እንደማይቅም ልቤ እያወቀ፣ ይህን አላሰብኩትም። ድል ያደረግኩ መስሎኝ ጓሮዬን ማስዋብ ጀመርኩ። ከሶፊ በአህያ የመጣ ቀይ አፈር አስገለበጥኩ። ግንቡን በኖራ ቀባሁ፣ ታችኛውን ወገብ እንደ አገሬው ሰማያዊ አደረግኩት። በግንቡ ዙሪያ ጽጌረዳ፣ በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ ቃሪያ፣ የጥብስ ቅጠል ተከልኩ። ከዳር፣ ከበሩ ርቆ በሚገኘው ጥግ፣ አንዲት የሎሚ ችግኝ ተከልኩና በእሾህ አጠርኳት፤ አድጋ ለእሱ ጥላ እንድትሆነው። መሃሉን ግን ባዶ ተውኩት፣ ደልድዬ፣ ረግጬ፣ ጠጠሩን ለቅሜ፤ እግሩን የሚጥልበት ሜዳ እንዲሆነው ነው።

በጋብቻችን ዘመን ለባሌ ብዙ ነገር ሠርቼለታለሁ፤ የዚያን ያህል ግን በምንም አልተመጻደቅኩም። ማታ ማታ አጠገቡ ተቀምጬ "ጽጌረዳዋ እንቡጥ አወጣች፣ በሶብላው ሸተተ" እለዋለሁ። አይመልስልኝም። አንድ ቀን ብቻ ፊቱን ከግድግዳው መለስ አድርጎ አየኝ፣ እጄን አየ፤ ጥፍሬ ውስጥ አፈር ነበር። "እሺ" አለ።

እሺ! ከታመመ ጀምሮ እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ አልሰማሁም ነበር።

ያወጣሁት ዒድ በዋለ በማግሥቱ ነው። ገላውን አጠብኩት፣ ጢሙን ላጨሁት፣ ነጭ ሸሚዙን አለበስኩት። በግራ እጁ ከዘራ ይዞ፣ በቀኙ እኔ ደግፌው፣ ከአልጋው እስከ ጓሮው በር፣ ከበሩ እስከ መሃሉ ወንበር ድረስ ላብ በላብ ሆነን ደረስን። ተቀመጠ። ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን ለፀሐይ ሰጠ። "ሽታው ጠፋ" አለኝ። ጥርት አድርጎ ነው ያለው። ደስታዬን የት ላድርሰው? ውሃ ላመጣለት ወደ ጓዳ ገባሁ።

ዱብ!

ስወጣ ፌስታሉ ጭኑ ላይ አርፎ ፈንድቷል። ነጩ ሸሚዝ ላይ ገረባ፣ በላዩ ቀይ ወጥ የነካው ፓስታ፣ በላዩ የሙዝ ልጣጭ። አንዱ የፓስታ ዘለላ ጆሮው ላይ ተንጠልጥሏል። በደህና እጁ ሊያነሳው ይሞክራል፣ ይንሸራተትበታል። አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ከዓይኑ እንባ ወረደ። "አስ... አስገቢኝ" አለኝ።

አስገባሁት። አጥቤ አስተኛሁት፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ያን ፌስታል እንዳለ፣ ከሸሚዙ ያነሳሁትንም ጨምሬበት፣ በእጄ አንጠልጥዬ ወጣሁ። ያን ቀን የበራቸው መንገድ ገሃነም ቢሆንም እደርስበት ነበር! ዞርኩ፣ ወረድኩ፣ ወጣሁ፣ ጠየቅኩ። ከፌስታሉ የሚንጠባጠበው ቀሚሴን እያበላሸ አንድ አረንጓዴ በር ጋ ደረስኩና ሳላንኳኳ ገፍቼ ገባሁ።

የገባሁበት ግቢ ንጽሕናው! መሬቱ ምራቅ አያስተፋም። ሴቶች ምንጣፍ ላይ ተሰብስበው ጫታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። የቤቱ ባለቤት አዛውንት ናቸው፤ በኋላ እንደሰማሁት ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም ሲሸጡ ያረጁ፣ ሰፈሩ ሁሉ "አዮ"፣ እናቴ ማለት ነው፣ እያለ የሚጠራቸው። እኔን ሲያዩ "መርሐባ ልጄ! ነይ፣ ግቢ" ብለው ሊነሱ ከጀሉ። እኔ ፌስታሉን ገልብጬ ያን ሁሉ ጉድ ንጹሕ ወለላቸው ላይ ዘረገፍኩት።

አዮ የፈሰሰውን ጎንበስ ብለው አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ፊታቸው በሐዘን ጨፈገገ።

"ምን ሆኑ?" አሉኝ። "አልበላ አሉ?"

"እነማን?"

"ፍየሎቹ ናቸዋ! ለዒድ ብዬ ፓስታም ጨምሬላቸው ነበር። ታመሙ እንዴ?"

"የምን ፍየል ነው የሚሉት እርስዎ?"

"ያንቺ ፍየሎች ናቸዋ፣ ልጄ። ያ የሶፊው ሰውዬ ያረባቸው የነበሩት።"

ፍየል ወዲያ ቅዝምዝም ወዲህ ማለት ይህ ነው። ጭንቅላቴ ውስጥ ያ ጥቁር በጠጥ ትዝ አለኝ። "እማማ፣ ሰውዬው ከለቀቀ ስንት ጊዜው!" አልኳቸው። "ፍየሎቹንም ነድቶ ነው የሄደው! እዚያ ቤት ፍየል የለም! እኔና የታመመ ባሌ ብቻ ነን ያለነው!"

"ያ ረቢ!" አሉ፤ እጃቸው አፋቸው ላይ ሄደ። "እና ይሄን ሁሉ ዘመን ማን ሲበላው ነበር?"

"ማንም! በሰበሰ! ተላ! እኔ ነኝ በእነዚህ እጆቼ የዛቅኩት!"

"ሱብሃነላህ፣ ሱብሃነላህ..."

ነገሩ እንዲህ ነው። ገረባ ለፍየል ነው፤ እዚህ አገር ፍየል ያለው ጎረቤት ካለ ገረባ አይጣልም። ሰውዬው በነበረበት ጊዜ በግንቡ ላይ እየወረወሩ ፍየሎቹን ያበሉ ነበር፤ አፍ ለሌለው እንስሳ መስጠት ሰደቃ ነው፣ አጅር፣ የአላህ ዋጋ፣ አለው። ሰውዬው መሄዱን ሰምተዋል፤ ፍየሎቹ መሄዳቸውን የነገራቸው የለም። በየቀኑ ቅመው ሲያበቁ ለስላሳውን ይመርጣሉ፣ የጉሮሮ እሾህ እንዳይሆንባቸው ጠንካራውን እንጨት ያወጣሉ፣ የቤቱን ትራፊ ይጨምሩበታል፣ አንዷ ተነስታ "ቢስሚላህ" ብላ ትወረውራለች። በኔ ላይ ይወርድ የነበረው መዓት ይኸው ነው።

"የፍየል ድምፅ ሲጠፋባችሁስ አልጠረጠራችሁም?" አልኳቸው።

"ጠግበው ነው ብለን።"

"እኔ ስጮህስ?"

ከአዮ ጎን ያለችው ወፍራም ሴት መለሰችልኝ። "ፍየሎቹን የምትቆጪ መስሎን። ወላሂ እኮ እናዝንላቸው ነበር። 'ይቺ ሴትዮ ቁጡ ናት፤ በዚህ ክፋቷ ምግብም አትሰጣቸው ይሆናል' ብለን ነው አብዝተን የምንጥለው።"

አንዷ በሻሿ ውስጥ በሳቅ ፈነዳች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። "ዛሬ የወደቀው ባሌ ላይ ነው" አልኳቸው። "ሽባ ሆኖ ተኝቶ፣ ስንት ለምኜው ገና ዛሬ ፀሐይ ቢወጣ፣ ጭኑ ላይ ፈነዳበት። ከእንግዲህ አይወጣም። እግሩ ይደርቃል። እዚያች አልጋ ላይ በስብሶ ይሞትብኛል።" ሳቁም ቆመ። አዮ ደረታቸውን መቱ፤ "አስተግፊሩላህ" እያሉ በሁለት እጃቸው ቆሻሻውን ከወለሉ ላይ ማፈስ ጀመሩ። ሴቶቹ ሊቀበሏቸው ቢሉ እምቢ አሉ።

በማግሥቱ ከሴቶቹ ጋር መጡ። ጓሮዬን ጠረጉ፣ ግንቡ ላይ የተረጨውን አጠቡ። አዮ ባሌ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው "ሃምሳ አለቃ፣ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ" አሉት። እሱ ግን አልዞረም። ያን ዕለትም፣ ከዚያ በኋላም፣ "እንውጣ" ባልኩት ቁጥር "እምቢ" ነው መልሱ። ጉልበቱን ሳጥፈው መጠንከር ጀምሯል፤ ይሰማኛል። የጀርባው ቆዳ ቀልቷል። ጽጌረዳው ሜዳው ዳር አበበ፤ የሚያየው የለም። አንዳንዴ ለብቻዬ ወጥቼ ያን የደለደልኩትን መሬት መልሼ እጠርጋለሁ።

አዮ ዕረፍት አላገኙም መሰለኝ፣ አንድ ቀን ጠዋት በራችንን አንኳኩ። ስከፍት እጃቸው ላይ አንድ እቅፍ ገረባ፣ ከኋላቸው አንዲት ቀይ ፍየል ቆማለች፤ ጆሮዋ የተንጠለጠለ፣ ዓይኗ የሸፈጠ።

"ሰደቃ ተጀምሮ አይቆምም" አሉኝ። "ለሌሉት ስሰጥ ከኖርኩ፣ ላለች ልስጥ። ያንቺ ናት። ገረባውን ከእንግዲህ በበር ነው የምናመጣው፤ በግንብ አይደለም።"

ልቤ ስንጥቅ አለ። ፍየል! በትል ውስጥ ተንበርክኬ ባጸዳሁት ጓሮ! እኔ ደግሞ ፍየል አልወድም፤ ጠረኗን፣ ዓይኗን፣ ስታኝክ አገጯ የሚያደርገውን ነገር አልወድም። ግን እኚያን አሮጊት ምን ብዬ ልመልሳቸው? "አላህ ይስጥልኝ" አልኩ፣ ጥርሴን ነክሼ። ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ ይባል የለ፤ ገና የጓሮውን በር ስታልፍ በሶብላዬን ጫፉን ቀነጠሰችው። በመቀነቴ ከውሃ በርሜሉ ጋር አሰርኳት፣ ገረባውን በርሜሉ ላይ አስቀመጥኩና ገመድ ልገዛ ወደ ጊደር መጋላ ሮጥኩ።

ብዙ አልቆየሁም። ስመለስ የመጀመሪያው ያየሁት ነገር መኝታ ቤቱ ወለል ላይ በጠጥ ነው። በጠጥ! አልጋው ሥር፣ ጫማዎቹ ውስጥ ሳይቀር። የብርድ ልብሱ ጠርዝ ተኝኮ ምራቅ ጠግቧል። አልጋው ባዶ ነው። ከዘራውም የለም። በዚያች ቅጽበት ወድቆ ሞቷል ብዬ ነው ገመዱን ጥዬ ወደ ጓሮው የሮጥኩት።

መቀነቴ ተበጥሶ በርሜሉ ላይ ተንጠልጥሏል። ጽጌረዳው የለም። እሾሁ ብቻ ቆሟል። ቃሪያው የለም፣ የጥብስ ቅጠሉ የለም። ጤና አዳሙን አልነካችውም፤ የሎሚዋን ችግኝም እሾሁ አትርፏታል። በመሃል፣ በደለደልኩት ሜዳ ላይ፣ ባሌ ቆሟል። በፒጃማው፣ በባዶ እግሩ፣ በግራ እጁ ከዘራውን ተደግፎ። ያ የማይታዘዝ ቀኝ እጁ ወደ ፊት ተዘርግቷል። መዳፉ ላይ ገረባ አለ፤ ፍየሏ ከእጁ ትበላለች። ምራቋ በጣቶቹ መሃል ይወርዳል። የእሱም ምራቅ አፉ በተጣመመበት በኩል ይወርዳል። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ግን አልወደቀም።

"በላች" አለኝ።

ደስ አለኝ ብል እዋሻለሁ። መጀመሪያ የመጣብኝ ቅናት ነው። ስንት ቀን ለምኜዋለሁ! አልቅሼ፣ አባብዬ፣ ጽጌረዳ ተክዬ፣ አፈሩን በጥፍሬ ለቅሜ! ለእኔ ያልተነሳ ሰው ብርድ ልብሱን ለምትጎትት ፍየል ተነሳ። "እኔ ስለምንህ?" አልኩት። "እኔ እኮ ስለምንህ ነበር!"

ቃሉን ከሩቅ ነው የሚያመጣው። "አንቺ... ፊትሽን ታዞሪያለሽ" አለኝ። "እሷ አታዞርም።"

ፎጣ አመጣሁ። መጀመሪያ አፉን ጠረግኩለት፣ ቀጥሎ የፍየል ምራቅ የነካውን እጁን፣ ጣት በጣት። ሸተተኝ፣ አቅለሸለሸኝም። ግን ፊቴን አላዞርኩም።

ከዚያ ቀን ወዲህ አዮ ጠዋት ጠዋት ትናንት የተረፈውን ገረባ በበር ያመጣሉ፤ እኔ ፍየሏን እቸክላለሁ። የምቸክልበትን ቦታ ግን በየጊዜው ከበሩ ትንሽ ትንሽ አርቀዋለሁ። ገረባውን ለባሌ አልጋው ላይ እሰጠዋለሁ፤ እስከ እሷ መድረስ የእሱ ፋንታ ነው። እየተራገመ ይደርሳል። ሐኪሟ ጉልበቱን አጥፋ ዘርግታ "ምን አድርገሽው ነው?" አለችኝ፤ ብነግራት የምታምነኝ አልመሰለኝም። ጓሮዬ ጓሮ መሆኑ ቀርቷል። መሬቱ በሰኮና ተፈነቃቅሏል፣ ሰማያዊው ቀለም በቀንድ ተፍቋል፣ ዝንቡ ተመልሷል። ፍየሏ ትገማለች። እስከ ዛሬ ስትነካኝ እጄን በሳሙና ደጋግሜ ነው የምታጠበው።

ሰሞኑን የሚቸከልበት ቦታ አለቀብኝ። የቀረው ያ ሩቁ ጥግ ብቻ ነው፤ የሎሚዋ ቦታ። ዛሬ ጠዋት እሾሁን አነሳሁ፣ ችግኟን በሁለት እጄ ይዤ ነቀልኳት፤ ሥሯ ይዞ ነበር፣ አስቸገረኝ። በጉድጓዷ ውስጥ ችካሉን ተክዬ በድንጋይ መታሁትና ፍየሏን አሰርኩ። ከዚያ ባሌን ላመጣው ዞር ስል በሩ ላይ ቆሟል፤ ከዘራውን አልያዘም። ገረባውን ደረቱ ላይ አቅፏል። ሮጬ ክንዱን ልይዘው እጄን ዘረጋሁ።

"ተይኝ" አለኝ።

ተውኩት።